ደረቁን ከቤት፣ እርጥቡን ከመንገድ
የደሴ መስመር መንገደኛ ምን ይዞ ይሂድ? አጠቃላይ ዳሰሳ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሣ የደሴ አውቶቡስ ከሚሴ የሚደርሰው ቀኑ ሲጋመስ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ፣ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ከሚሴ፣ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደሴ ደግሞ 400 ገደማ። ይህ ርቀት ዛሬ ብዙ የሚባል አይደለም። ስንቅን የሚያስቸግረው መንገዱ በአንድ ጠዋት የሚያቋርጠው የአየር ጠባይ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁል እየተወረወረ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴና ሐርቡ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ጃኬቱ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል።

ምሳ ዕቃው ግን ጃኬት አያወልቅም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ተሠርቶ የተከደነ ወጥ ከሚሴ ሲከፈት 17 ሰዓት ሞልቶታል፤ የመጨረሻዎቹን ሰዓታት ያሳለፈውም በቆላ ሙቀት፣ ከወንበር ሥር ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር «ምን ይዘን እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ከጣዕም በፊት የጊዜና የሙቀት ጥያቄ ነው።

ለጥያቄው ሦስት መልሶች ሲሰጡ ይሰማል። አንዱ ወገን «ምንም አትያዙ፣ መንገድ ላይ የማይገኝ የለም» ይላል። ሁለተኛው ከቤት የወጣን ምግብ ብቻ ያምናል፤ ፍርፍሩን፣ ሩዙን፣ ፓስታውን በምሳ ዕቃ ሞልቶ ይነሣል። ሦስተኛው ወገን፣ በአብዛኛው እናቶችና አያቶች፣ ቆሎና በሶ ቋጥሮ ይሰጣል። ይህ ዳሰሳ ሦስቱንም ይመዝናል፤ ወደ ሦስተኛው ያደላል፣ ግን እንዳለ አይቀበለውም።

የእግረኛው ስንቅ

በዚህ አካባቢ ስንቅ የረጅም ዘመን እውቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር እንዲከት ያዘዙት ከከሚሴ በስተምዕራብ በወሎ ደጋ ላይ በምትገኘው ወረኢሉ ነበር። የዚያ ዘመን ዘማች በአመዛኙ ስንቁን የሚያወጣው ከራሱ ጎተራ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ የተደለዘ በርበሬ፣ ሽሮ። ቆልተው፣ ፈጭተው፣ አድርቀው የሚያዘጋጁት ሴቶች ነበሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ስንቁን ተከትለው ዘምተዋል።

የኦሮሞ መንገደኛም የራሱ ዘዴ ነበረው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ መንገደኞች የተቆላና የተፈጨ ቡና ከቅቤ ጋር አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙና አንዷ ድቡልቡል ለአንድ ቀን እንደምትበቃ ጽፏል። በተቆላ የገብስ ዱቄትና በቅመም በተነጠረ ቅቤ የሚሠራው ጭኮም የዚሁ ጥበብ ዘመድ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ጠባይ አለ፤ ውሃ የላቸውም። ባክቴሪያ ምግብ ላይ ለመራባት ከምግቡ የሚጠጣው ነጻ ውሃ ይፈልጋል። የምግብ ሳይንስ ይህን ውሃ ከ0 እስከ 1 ባለ መለኪያ ይለካዋል፤ ልኬቱ ከ0.85 በታች ሲሆን በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መራባት አይችሉም። መቁላት፣ ማድረቅ፣ ቅቤን አንጥሮ ውሃውን ማትነን፣ ጨው መነስነስ ሁሉም ይህን ልኬት ዝቅ ማድረጊያ መንገዶች ናቸው። መሣሪያው ከመፈልሰፉ በፊት ልኬቱ በእጅ ይታወቅ ነበር።

ሆኖም ያ ስንቅ የተሠራው ለሚራመድ ሰው ነው። ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ ለሚውል አካል ቅቤና ጨው የበዛበት ምግብ ተገቢው ነበር። የዛሬው መንገደኛ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ ይውላል። ያን ያህል ቅቤ ሆዱን ያስጨንቀዋል፤ ያን ያህል ጨው ያስጠማዋል። ከጥንቱ ስንቅ ድርቀቱን ወስዶ መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል።

የምሳ ዕቃው ነገር

የቤት ምግብ የሚመረጥበት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ማን እንደሠራው፣ በምን ዘይት እንደተሠራ ይታወቃል፤ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን ንጽሕናና ጊዜ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች፣ የተሠራ ምግብ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ይመክራሉ። በሁለቱ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ዝቅ እንዲል የሚመክሩ አሉ፤ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል በበጋ ይህ ሙቀት ብርቅ አይደለም።

«እናሞቀዋለን» የሚለው መፍትሔም ሁልጊዜ አይሠራም። በሩዝና በፓስታ ላይ የሚራባ አንድ ባክቴሪያ፣ እንዲሁም ከእጅና ከአፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባ ሌላ፣ የሚተዉት መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። የተቀቀለ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንችና ሥጋ ያለበት ወጥ ለዚህ መስመር የማይመከሩትም ለዚህ ነው።

እንጀራ ግን ከወጥ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። እርሾው የሚሰጠው ኮምጣጣነት ባክቴሪያን ስለሚያስቸግር፣ ሻጋታ እስኪነካው ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ደረቅ እንጀራ በአዋዜ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ሆኖ ቢቆረጥ ከማንኛውም ፍትፍት የተሻለ የመንገድ ምግብ ነው።

እርጥብ ምግብ የግድ ከሆነ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ሌሊት ተሠርቶ በትኩሱ ተይዞ ከደብረ ብርሃን ሳያልፍ መብላት ነው። ሌላው ፔርሙዝ ነው፤ በፈላ ውሃ ቀድሞ በሞቀ ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ የገባ አጥሚት ወይም የምስር ሾርባ ለሰዓታት ትኩስነቱን ይጠብቃል። በላስቲክ ምሳ ዕቃ ትኩስ ምግብ ከድኖ መሄድ ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይንጠባጠባል፣ ደረቁም ይርሳል። ፌስታልም እንዲሁ ነው። በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ የሰፌድ ሥራ ግን አየር ያስገባል፤ ለዳቦና ለቂጣ ዛሬም አልተበለጠም።

ስንቁ አንድ በአንድ ሲመዘን

ቆሎ የመጀመሪያው ነው። የገብስ ቆሎ ብቻውን ሲሆን ኃይል ሰጪ ነው፤ ሽምብራና ኦቾሎኒ ሲገቡበት ግን ሙሉ ምግብ ወደ መሆን ይጠጋል። ከ100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ገደማ፣ ከ100 ግራም ኦቾሎኒ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል። ገብስ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል። ጣትን አያጨማልቅም፣ ሽታ የለውም፣ መጠኑ በእፍኝ ይታወቃል። ኦቾሎኒ ሲመረጥ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የመረረውን መጣል ያስፈልጋል፤ ሻጋታ የሚተክለው አፍላቶክሲን በመቆላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በሶ ከቆሎ ይልቅ ለሆድ ይቀልላል፤ ችግሩ ውሃው ነው። በምን ውሃ ይበጠበጣል? በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥስ ማን ይበጠብጠዋል? የተሻለው ቤት ውስጥ በጥቂት ዘይትና ጨው፣ ወይም በማር፣ ጭብጦ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። በውሃ የተለወሰ ጭብጦ በዕለቱ ያልቃል፤ በነጠረ ቅቤ የተለወሰው ጭኮ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ጭኮን ምሳ ሳይሆን መጠባበቂያ አድርጎ ማሰብ ይበጃል፤ ለተቀመጠ ሰው ትንሽ ጉርሻ ትበቃለች።

ድፎ ዳቦ፣ ቂጣና አነባበሮ ቀድመው ተቆርጠው ከተያዙ ቢላዋ አይጠይቁም። ዳቦ ቆሎ ይቆያል፤ ግን ከነጭ ዱቄት የተሠራ ከሆነ ብዙ አያጠግብም። ድርቆሽ ትኩስ ውሃ ወይም ወጥ ስለሚሻ ለአውቶቡስ ሳይሆን መንገድ ሲቆረጥ ለሚያድሩበት ቤት ነው። ቋንጣ በደንብ የደረቀ ከሆነ አስተማማኝ ነው፤ ጨው ያበዛል። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ለማለዳ ቁርስ ይሆናል፤ ቆላ ከወረዱ በኋላ ግን ባይነካ ይሻላል። ዝግ መስኮት ባለበት አውቶቡስ ሽታውም ጎረቤት ያስከፋል።

የከሚሴ አካባቢ ራሱ የሚያበቅላቸው ሁለት እህሎች በስንቅ ዝርዝር ውስጥ ሊረሱ አይገባም። አንዱ ማሾ ነው። በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በቃሉ ወረዳ በስፋት ይዘራል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ግብይቱ አስገብቶታል። ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ቢሆንም አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል። ተነክሮ፣ ደርቆ ቢቆላ ከቆሎ ጋር ይሄዳል፤ ንፍሮው ግን እርጥብ ስለሆነ በተቀቀለ በሰዓታት ውስጥ መበላት አለበት።

ሌላው ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ዝርያዎች መካከል በላይሲን እጅግ የበለጸጉትን ሲለዩ፣ ዝርያዎቹ የተገኙት ከወሎ ነበር። ገበሬው ግን ቀድሞ ያውቃቸዋል፤ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሟቸው፣ ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት ዘርቶ፣ እሸታቸውን ጠብሶ ይበላቸዋል። በመከር ሰሞን የሚያልፍ መንገደኛ የማሽላ እሸት ወይም ጥንቅሽ ካገኘ አይለፈው። የጥንቅሹ አገዳ በጥርስ ተልጦ ስለሚበላ፣ በውሃ ታጥቦ መያዝ አለበት።

መንገዱ ራሱ የሚሸጠው

«መንገድ ላይ የማይገኝ የለም» የሚሉት ግማሽ ልክ ናቸው። ደብረ ሲና ላይ መኪና ሲቆም የቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል፤ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ማንጎና ፓፓያ አላቸው። ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ደግሞ ሰኞ ይገበያሉ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የባቲ ገበያ የታወቀ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርደው የጅቡቲ መንገደኛም ከዚያ ወዲያ ለሚጠብቀው በረሃ ስንቁን የሚሞላበት ነው።

ለጥንቱ ስንቅ የጎደለው፣ ውሃ ያለው ምግብ እዚህ ይገኛል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ማንጎ የራሳቸው መጠቅለያ አላቸው፤ ልጣጩን የሚልጠው በላተኛው ራሱ እስከሆነ ድረስ የሻጩ እጅና የመንገዱ አቧራ ወደ አፍ አይደርሱም። ተቆርጦ ዝንብ እየጎበኘው የቆየ ፓፓያ ወይም ሐብሐብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳንቡሳና ፓስቲ ከዘይቱ ሲወጡ ቢገዙ ደኅና ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ በመስታወት ሣጥን የተቀመጡትን መተው ይሻላል። ጥሬ ሥጋ በመንገድ ላይ ከኮሶም በላይ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል፤ አምስት ሰዓት ያለ መጸዳጃ መቀመጥ ያለበት ሰው ሊደፍረው አይገባም።

ለስላሳ መጠጥም ቢቀሩ ከሚሻሉት ይመደባል። አንዲት የ330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 35 ግራም ገደማ ስኳር ትይዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። አንዷ ቆርቆሮ የቀኑን ድርሻ አብዛኛውን ትጨርሳለች፤ ጥሙ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የማይጠጣው ውሃ

የደሴ መስመር መንገደኛ ውሃ ስላጣ አይደለም የማይጠጣው፤ ሃይላንድ በየፌርማታው አለ። የማይጠጣው መውረጃ ስለሌለው ነው። በተለይ ሴቶች፣ ንጹሕ መጸዳጃ የት እንደሚያገኙ ስለማያውቁ፣ ከመነሣታቸው በፊት ጀምሮ ራሳቸውን ያስጠማሉ። ደረቅ ስንቅ በዚህ ላይ ሲጨመር ራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ሕመም ይከተላሉ። ሳይወርዱ መቀመጡም የራሱ ጣጣ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ያኔም አነስተኛ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ግን የሚታሰብበት ነው። መውረድና መራመድ ስለዚህ የአመጋገቡ አካል ናቸው።

ውሃን በአንድ ጊዜ ከመጋት ጉንጭ ጉንጭ እያሉ መጠጣት፣ ጨው የበዛበትን ቆሎ መቀነስ፣ በየፌርማታው ሳያፍሩ መጸዳጃ መጠየቅ ያዋጣል። አንድ ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. መያዝም ተቅማጥ ቢመጣ ያድናል።

እያንዳንዱ እንደ ራሱ

ለልጆች ከላይ የተመሰገነው ቆሎ አይሆንም። ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ደረቅ ፍሬና ኦቾሎኒ በቀላሉ ያንቃቸዋል፤ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ አደጋው ይበረታል። ለነሱ ሙዝ፣ ለስላሳ ዳቦ ወይም የበሶ ጭብጦ ይሻላል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ምግብ ፈጽሞ አይሰጥም፤ የእናት ጡት ካለ ግን ከሁሉም የተሻለ ስንቅ ይዟል።

የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ ከረሜላ ወይም ቴምር በኪሱ ሊኖረው ይገባል፤ የምሳ ሰዓት በሹፌሩ እንጂ በሐኪሙ አይወሰንም። የደብረ ሲና ቁልቁለት ለሚያቅለሸልሸው ሰው ባዶ ሆድም ቅባት የጠገበ ሆድም አይሆንም፤ ጥቂት ደረቅ ዳቦ በልቶ ፊት ወንበር መቀመጥ ይረዳዋል። ሹፌሩ ትልቅ ምሳ በልቶ በእንቅልፍ ሰዓት ከሚነዳ ጥቂት ጥቂት ቢበላ ይበጃል። ጫት ረኃብን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ድካሙም ተሸፍኖ ይከማቻል።

ሁሉንም የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ በነበረው ግጭትና ጦርነት መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በክረምትም ጎርፍና ናዳ ያቆሙታል። ስለዚህ ከዕለቱ ምግብ ሌላ፣ እስከ መጨረሻው የማይነካ የአንድ ቀን ደረቅ ስንቅ መያዝ በዚህ መስመር ከቅንጦት አይቆጠርም።

በአንድ ወንበር ሁለት ሃይማኖት

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ብዙ ነገር ይጋራሉ፤ ሥጋ ግን ለየብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን፣ የኦርቶዶክሱ መንገደኛ እንቁላልና ቅቤ አይነካም። በረመዳን እስልምና ለመንገደኛ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲተካ ቢፈቅድም ብዙዎች ይጾማሉ፤ በከሚሴም ቀን ላይ ምግብ ቤት ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ወደ ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 የሚጓዘውና ወደ ጃማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚወጣው በአንድ አውቶቡስ ቢገናኙ፣ ሁለቱም ሳይጠይቁ የሚቀባበሉት ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቴምርና ፍራፍሬ ነው።

አገራችን ደግሞ «እንብላ» ሳይባል የሚበላባት አይደለችም፤ አጠገቡ ሰው እያለ ምሳ ዕቃ ከፍቶ ብቻውን የሚበላ ይታዘቡታል። በሌላ በኩል ከማያውቁት ሰው ምግብና መጠጥ አትቀበሉ የሚለው ማስጠንቀቂያም መሠረት አለው፤ በመንገድ ላይ አደንዝዘው የሚዘርፉ አልጠፉም። ሁለቱን የሚያስታርቀው ምግብ ያልተላጠ ብርቱካን ወይም ሁለቱም ከአንድ ከረጢት የሚዘግኑት ቆሎ ነው።

ማጠቃለያ

ሦስቱ መልሶች ሲመዘኑ እያንዳንዳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ከአያቶች ደረቁን፣ ከ«መንገድ ላይ አለ» ባዮች እርጥቡን፣ ከምሳ ዕቃ ወዳጆች ደግሞ ለማለዳ የሚሆን ትኩስ ቁርስን መውሰድ ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው ጥራጥሬ የተቀላቀለበት ሁለት ሦስት እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ወይም ደረቅ እንጀራ በአዋዜ፣ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ፣ ለመጠባበቂያ ትንሽ ጭኮ ወይም በጾም በዘይት የተለወሰ በሶ ይበቃዋል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ወይም ከሚሴ ላይ በገዛ እጁ የሚልጠውን ፍሬ ይግዛ። ሳሙና አይርሳ።

ቀሪው የመንገደኛው ሥራ አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሆድም ሲጠይቅ አውቶቡሱ የሚደርሰው ከሚሴ ነው። ማሾና ማሽላው በዙሪያዋ ይበቅላል፣ ፍሬውም ከቅርብ ይመጣል። የተቆላ ማሾ በንጹሕ ከረጢት ታሽጎ ቢሸጥ፣ ፍራፍሬው ከነልጣጩ ቢቀርብ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ውሃና ሳሙና ያለው፣ ለሴቶች የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ በመናኸሪያዋ ቢኖር፣ ከተማዋ የምታተርፈው ከአንድ ፌርማታ ገቢ በላይ ነው። አውቶቡስ ድርጅቶችም የማቆሚያ ቦታን ሲመርጡ የምግብ ቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢጠይቁ፣ መንገደኛው ስንቁን በውሃ እያወራረደ ለመብላት ይደፍራል።